ፍላሹ ሲነቀል ኮምፒውተሩ በቅጽበት እንዲጠፋ፦ ለምን ይዘገያል? ለምንስ ሳይነኩት ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ኡቡንቱ 24.04 የተጫነበት ላፕቶፕ አለኝ፤ የደንበኞቼ ሰነድ ያለው ግን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የምሠራው ካፌ ነው። ሌባ ላፕቶፑን መንትፎ ቢሮጥ፣ ዲስኩ ሲነቀል ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲጠፋ ፈልጌ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን አንድ መስመር የዩዴቭ ደንብ ጻፍኩ። አንዳንዴ ወዲያው ይጠፋል፤ አንዳንዴ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳይነካው ድርግም ይላል። የቱ ጋ ተሳሳትኩ? ቢሮ ያለው ዊንዶውስ 11 ላይስ ይሠራል?»

ምላሽ፦

የዩዴቭ (ዕቃ ሲሰካና ሲነቀል የሚከታተለው የኡቡንቱ ክፍል) ደንብዎ ላይ ያለው ስህተት በአንድ ሰዓት ይታረማል። ከባዱ ስህተት የወጥመዱ ምላጭ (ሲነቀል ማጥፊያውን የሚያስነሳው ዕቃ) ምን ይሁን በሚለው ምርጫ ላይ ነው። ሰነድ የያዘ ሃርድ ዲስክ ምላጭ መሆን የለበትም።

ሌባው የሚያደርገውን በዓይነ ሕሊናዎ ይከተሉት። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ከጎኑ። ሰውየው ላፕቶፑን ብድግ ሲያደርገው ዲስኩም በአጭር ገመዱ ተንጠልጥሎ አብሮ ይሄዳል። የተነቀለ ነገር ስለሌለ ኮምፒውተሩ አይጠፋም። ሌባው ክፍት ላፕቶፕም፣ የደንበኞችዎን ሰነድም በአንድ እጁ ይዞ ተሰወረ ማለት ነው። ወጥመዱ የሚሠራው ምላጩ ከእርስዎ ጋር፣ ከእጅ አንጓዎ ወይም ከቀበቶዎ ጋር ሲታሰር ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ ሲሄድ እርስዎ ይቀራሉ፣ ከእርስዎ ጋር የታሰረው ደግሞ ይነቀላል።

ሌላው፣ ዲስክ ከነሥራው ሲነቀል ይጎዳል። ሊኑክስ «አስቀምጥ» ያሉትን ሁሉ እዚያው ዲስኩ ላይ አያሰፍርም፤ ራም ላይ ያቆየውና እስከ 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሊጽፈው ይችላል። በዚያ መካከል ገመዱ ከወጣ ያልተጻፈው ይቀራል። ዲስኩ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ከተሠራ ደግሞ (ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው) የለውጥ መዝገብ (ጆርናል) ስለማይይዝ የፋይል ማውጫው ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ወጥመዱን በሞከሩ ቁጥር የደንበኞችዎን ፋይል ለአደጋ እያጋለጡ ነው።

«ማንም ሳይነካው ድርግም ይላል» ያሉትም የሚመጣው ከዚሁ ዲስክ ነው። ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ኃይል የሚያገኘው ከዩኤስቢው ብቻ ነው፤ መስፈርቱ የሚፈቅደው በዩኤስቢ 2 እስከ 500፣ በዩኤስቢ 3 እስከ 900 ሚሊአምፔር ነው። ሞተሩ ከእንቅልፍ ሲነሳ የሚስበው ኃይል በቅጽበት ከዚህ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ዲስኩ ለአፍታ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። በዲስኩ በኩል የሚገባው ሰፊና ጠፍጣፋ የገመድ ጫፍም ቶሎ ይላላል፤ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ብቻ ግንኙነቱ ይቋረጣል። የራሱ 12 ቮልት አዳፕተር ያለው ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ከሆነ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ዲስኩ ግን ይሞታል። ለኮምፒውተሩ ይህ ከመነቀል በምንም አይለይም። ለማረጋገጥ በተርሚናል (ትዕዛዝ መጻፊያው መስኮት) ጆርናልሲቲኤል የተባለውን የሲስተሙን መዝገብ የሚያሳይ ትዕዛዝ ከ«ሰረዝ ኬ» እና ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን ከሚያሳየው «ሰረዝ ቢ ሰረዝ 1» ጋር ያስነሱና «ዩኤስቢ ዲስኮኔክት» የሚሉትን መስመሮች ከነሰዓታቸው ይመልከቱ። ማሽኑ በራሱ ከጠፋበት ሰዓት ጋር ይገጥማሉ።

ስለዚህ ምላጩ አሮጌ ፍላሽ ይሁን። 2 ጊጋባይት ያለው፣ ማንም የማይፈልገው ፍላሽ ይበቃል፤ ሞተር የለውም፣ ብዙ ኃይል አይስብም፣ ውስጡ ምንም ስለሌለ ቢነቀልም የሚጎዳ ነገር የለም። ለዚህ ሥራ ብቻ ይመድቡት፣ ፋይል አይጫኑበት። ሃርድ ዲስኩ እንደተለመደው ይሰካ፤ ደንቡ ግን ስለ እሱ ምንም አይበል።

ከሁሉ በፊት ምስጠራ

የላፕቶፑ ዲስክ ካልተመሰጠረ ማጥፋቱ ከንቱ ነው። የጠፋ ኮምፒውተር ዲስክ ወጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ፣ የመግቢያ የይለፍ ቃልዎን ማንም ሳይጠይቅ ሁሉም ፋይል ይነበባል። ኡቡንቱ ላይ ሙሉ ምስጠራ (ሉክስ የሚባለው) የሚመረጠው ሲስተሙ ሲጫን ነው። አሁን ከሌለዎት ፋይልዎን ሌላ ቦታ ገልብጠው እንደ አዲስ መጫን ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ሃርድ ዲስኩንም «ዲስክስ» በሚለው ፕሮግራም ኤክስት4 ከሉክስ ጋር መርጠው ፎርማት ያድርጉት፤ ፎርማት ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድመው ቅጂ ይያዙ። የይለፍ ቃሉን በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ያድርጉት። ላፕቶፑ ሲነሳ በሚመጣው የጥያቄ ገጽ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አይሠራም፤ በግዕዝ ፊደል የተሠራ ቃል እዚያ ላይ መጻፍ አይቻልም።

ምስጠራ ካለ፣ ማሽኑ ሲጠፋ የሚሆነው ይህ ነው፦ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ የምስጠራው ቁልፍ ራም ውስጥ አለ፤ ኃይል ሲቋረጥ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። ስክሪን መቆለፍ ብቻ የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ ከተቆለፈው ስክሪን ጀርባ ቁልፉ እንዳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በጣም የቀዘቀዘ የራም ቺፕ ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ይዘቱን ለደቂቃዎች ሊያቆይ ይችላል። ካፌ ውስጥ የሚመነትፍ ሌባ ግን ማቀዝቀዣ ይዞ አይመጣም።

ዘዴው የተስፋፋው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሳን ፍራንሲስኮ፣ ግሌን ፓርክ በሚባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲልክ ሮድ የተባለውን ሕገወጥ የኢንተርኔት ገበያ ያቋቋመው ሮስ ኡልብሪክት ሲያዝ፣ ሁለት የኤፍቢአይ ሰዎች ከኋላው የተጣሉ መስለው ዘወር እንዲል አደረጉትና ላፕቶፑ ክፍት እንዳለ ከፊቱ ተነሳ። ዩኤስቢኪል የተባለው ፕሮግራም የወጣው ያንን ተከትሎ ነው፤ በኋላም ባስኪል የተባለ በማግኔት የሚላቀቅ ገመድ ተሠራ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ትምህርት አንድ ነው፦ ሰው በሚነጠቅበት ቅጽበት ቁልፍ የመጫን ዕድል የለውም። ስለዚህ ማጥፊያው የእርስዎን እጅ የሚጠብቅ ሳይሆን ነጣቂው ራሱ የሚስበው መሆን አለበት።

ገመዱ

ፍላሽን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ በክር ከእጅ ጋር ማሰር የሚታሰበውን ያህል አይሠራም። የተለመደው ሰፊው ዩኤስቢ ሲስቡት እንዳይወጣ ቢያንስ 10 ኒውተን፣ ማለትም የአንድ ኪሎ ዕቃ ክብደት ያህል ጉልበት እንዲቋቋም ተደርጎ ይሠራል። ቀጥ ብሎ ከተሳበ ይወጣል። በጎን ወይም ወደ ላይ ከተሳበ ግን ይቀረቀራል፤ ወይ ክሩ ይበጠሳል፣ ወይ የላፕቶፑ ሶኬት ይሰበራል። በማግኔት የሚላቀቅ መጋጠሚያ መሀል ላይ ሲገባ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሳብ ይላቀቃል።

ሲገዙ ይጠንቀቁ። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የማግኔት ገመዶች ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ የዳታ መስመር ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ ፍላሹን አያየውም። ሱቁ ውስጥ ሳሉ ፍላሽ ሰክተው ፋይል ሲከፍት ይመልከቱ። አሰካኩ እንዲህ ነው፦ ላፕቶፑ ላይ የማግኔቱ ትንሽ ጫፍ፣ በእሱ ላይ ገመዱ፣ በገመዱ መጨረሻ ፍላሹ፣ ፍላሹ ከቀበቶዎ ማንጠልጠያ ጋር። ርዝመቱ 1 ሜትር አካባቢ ይሁን። ከዚያ ካጠረ ቡና ለመጠጣት እጅዎን ሲዘረጉ ይላቀቃል፤ በጣም ከረዘመ ሌባው ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ነው የሚላቀቀው። ከእጅ አንጓ ይልቅ ቀበቶን እመርጣለሁ፤ እጅ ሲጽፍ ይንቀሳቀሳል፣ ወገብ ግን አይንቀሳቀስም።

ኡቡንቱ ላይ ደንቡ እንዴት ይጻፍ

ትዕዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን እንደሚነበቡት አስቀምጫቸዋለሁ።

ተርሚናል ይክፈቱና «ዩዴቭአድም ሞኒተር» የሚለውን «ፕሮፐርቲ» ከሚለው አማራጭ ጋር ያስነሱ። ፍላሹን ይስኩ፣ ጥቂት ይጠብቁ፣ ይንቀሉ። የሚያስፈልግዎ ሲነቀል የሚወጣው ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሲሰካ የሚታዩትን «አትሪቢዩት» የሚባሉ መግለጫዎች ወስዶ የመንቀያ ደንብ ይጽፍባቸዋል። ዕቃው ሲነቀል ግን መግለጫዎቹ የሚነበቡበት ቦታ አብሮ ይጠፋል፤ ደንቡ በጭራሽ አይገጥምም። በመንቀያ ጊዜ የሚገኙት «ኢኤንቪ» የሚባሉት፣ ዩዴቭ ራሱ ቀድሞ የመዘገባቸው እሴቶች ናቸው።

ከሚወጡት መስመሮች ውስጥ «ዴቭታይፕ» የሚለው «ዩኤስቢ ዲቫይስ» (በመካከሉ የታች ሰረዝ አለው) የሆነበትን ክፍል ይፈልጉ፤ እዚያው ውስጥ «አይዲ ሲሪያል ሾርት» የሚለውን ቁጥር ይቅዱ። የፍላሹ የራሱ መለያ ይህ ነው። «ፕሮዳክት» የሚለውን መጠቀምም ይቻላል፣ ግን ሁለት እንከን አለበት። አንደኛ፣ አንድ ዓይነት ሞዴል ያላቸው ፍላሾች ሁሉ ይጋሩታል፤ የባልደረባዎን ተመሳሳይ ፍላሽ ሰክተው ቢነቅሉ ማሽኑ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ከፊት ያለውን ዜሮ ይጥላል፦ ኤልኤስዩኤስቢ በሚለው ትዕዛዝ 0951 እና 1666 ሆኖ የሚታየው የኪንግስተን ፍላሽ እዚህ 951/1666 ሆኖ ነው የሚመጣው። 0951 ብለው ከጻፉ አይገጥምም፤ ስህተት አለ የሚል መልእክትም አይመጣም።

ደንቡ አንድ መስመር ነው፤ ክፍሎቹ በኮማ ይለያሉ፦ አክሽን ሪሙቭ ከሆነ፣ ሰብሲስተም ዩኤስቢ ከሆነ፣ ዴቭታይፕ ዩኤስቢ ዲቫይስ ከሆነ፣ ሲሪያሉ የቀዱት ቁጥር ከሆነ፣ ይህን አስነሳ። ለማመሳከር ድርብ እኩል ምልክት (==) ነው የሚገባው። ነጠላ እኩል (=) ከጻፉ «ከሆነ» ማለቱ ይቀርና «አድርገው» ማለት ይሆናል፤ ያኔ ማንኛውም ዕቃ ሲነቀል ደንቡ ሊነሳ ይችላል። ዴቭታይፕን መተው ደግሞ አንድ ፍላሽ ሲነቀል ደንቡ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲነሳ ያደርጋል፤ ከአንድ ፍላሽ ጀርባ በርካታ የመንቀል መልእክቶች ስለሚመጡ ነው። ፋይሉ የሚቀመጠው በኢቲሲ ውስጥ፣ ዩዴቭ በሚለው ፎልደር፣ «ሩልስ ነጥብ ዲ» ውስጥ ነው፤ ስሙ በ«ነጥብ ሩልስ» ካላለቀ ዩዴቭ አያነበውም። ጽፈው ሲጨርሱ «ዩዴቭአድም ኮንትሮል» ከ«ሪሎድ» ጋር ያስነሱ።

ማጥፊያውን ግን ደንቡ ውስጥ አይጻፉት። ዩዴቭ ሼል (የተርሚናል ትዕዛዝ አስፈጻሚ) አይደለም፤ ወደ ፋይል የመምሪያ ቀስት (>) አይገባውም። የሚያስነሳው ፕሮግራም ከቆየ ይገድለዋል፤ ፕሮግራሙ ማድረግ የሚችለውንም ይገድባል። ስለዚህ ደንቡ የሚያደርገው ሲስተምሲቲኤልን በሙሉ አድራሻው ጠርቶ፣ «ኖ ብሎክ» ከሚለው አማራጭ ጋር፣ እርስዎ የጻፉትን አንድ ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ሥራ) ማስነሳት ብቻ ይሁን።

ያ አንድ ደቂቃ ተኩል ከየት መጣ?

ካገኙት ደንብ ውስጥ ያለው «ሲስተምሲቲኤል ፓወርኦፍ» ሳይሆን አይቀርም። ይህ የጨዋ ማጥፊያ ነው፦ እያንዳንዱን ሰርቪስ «እባክህ ጨርስ» ይላል፣ ይጠብቃል። አንዱ አልዘጋ ካለ ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) በነባሪ የሚጠብቀው 90 ሰከንድ ነው። ያዩት አንድ ደቂቃ ተኩል ይኸው ነው። እርስዎ ጋ ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው፣ ክፍት ፋይል ተይዞበት እያለ የተነቀለው ሃርድ ዲስክ ራሱ ነው፤ ፕሮግራሞች የሌለ ዲስክ ላይ ለመጻፍ ይታገላሉ። «ፎርስ» የሚለውን አማራጭ አንድ ጊዜ ሲጨምሩ ሰርቪሶችን መጠበቅ ይቀራል፣ ፋይል ሲስተም ግን በሥርዓት ይላቀቃል። ሁለት ጊዜ ሲጨምሩት እሱም ይቀራል።

ለነጠቃ የምመርጠው ሲስአርኪው የሚባለውን ነው። ይህ በከርነሉ (በሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያለ የአደጋ በር ነው፤ ከፕሮክ ፎልደር ውስጥ «ሲስአርኪው ትሪገር» በሚለው ፋይል ላይ አንድ ፊደል ሲጽፉ ከርነሉ ማንንም ሳያማክር ይፈጽማል። «ኤስ» ራም ላይ ያለውን ወደ ዲስክ እንዲጻፍ ያዛል፣ «ዩ» ዲስኮችን ለንባብ ብቻ ያደርጋል፣ «ኦ» ኃይል ያጠፋል፣ «ቢ» ወዲያው እንደገና ያስነሳል። ኡቡንቱ ሲስአርኪውን በ176 ገድቦታል፣ አይሠራም የሚል ሰው ያጋጥምዎታል። ያ ገደብ የሚመለከተው ከኪቦርድ የሚመጣውን ብቻ ነው፤ በሩት (በአስተዳዳሪ) ሥልጣን ፋይሉ ላይ ሲጻፍ ሁሉም ፊደል ይሠራል።

ሰርቪሱ ዓይነቱ «ዋንሾት» ይሁን፤ ይህ ዓይነት ብዙ «ኤክሴክስታርት» መስመሮችን በተራ ይፈጽማል። የመጀመሪያው መስመር «ሎግኢንሲቲኤል» በሚለው ትዕዛዝ ስክሪኖችን ሁሉ ይቆልፍ፤ ከዚያ «ኤስ»፣ 1 ሰከንድ ቆይታ፣ «ዩ»፣ «ኦ»፣ 3 ሰከንድ ቆይታ፣ በመጨረሻም «ቢ»። ፊደል የሚጽፉትን መስመሮች በሼል በኩል ያስነሷቸው። በየመስመሩ አድራሻ ፊት ሰረዝ (-) ያስገቡ፤ አለዚያ አንዱ መስመር ከከሸፈ የሚቀጥሉት አይፈጸሙም፣ ስክሪን መቆለፉ ስላልሠራ ብቻ ማጥፋቱ ይቀራል። «ቢ» መጨረሻ ላይ የገባው በ«ኦ» አልጠፋ ብሎ የሚቀር ላፕቶፕ ስላለ ነው። እንደገና ቢነሳም ሌባው የሚያገኘው የምስጠራውን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ነው፤ ከመጥፋት እኩል ነው።

የ1 ሰከንዷን ቆይታ አንዳንዶች ያወጧታል። እኔ አላወጣትም። ስክሪኑ ቀድሞ ተቆልፏል፣ ሌባው ገና ከወንበሮቹ መካከል አልወጣም፤ ያቺ ሰከንድ ግን ያስቀመጡት ፋይል ዲስክ ላይ እንዲሰፍር ዕድል ትሰጣለች። ያላስቀመጡት ግን ይጠፋል። ሊብረ ኦፊስ የመልሶ ማግኛ ቅጂ የሚይዘው በነባሪ በየ10 ደቂቃው ነው፤ ከ«ቱልስ» «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሎድ/ሴቭ» «ጀነራል» ገብተው ወደ 2 ደቂቃ ያውርዱት።

ቤት ሲደርሱ ፍላሹን በሰላም መንቀል መቻል አለብዎት። ሰርቪሱ ላይ «ኮንዲሽን ፓዝ ኤግዚስትስ» የሚል መስመር ከቃለ አጋኖ (!) ጋር ጨምረው «ራን» በሚለው ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ይጠቁሙ፦ ፋይሉ ካለ ሰርቪሱ አይነሳም። ፋይሉን መፍጠር የሩት ሥልጣን፣ ማለትም የእርስዎን የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ ሌባ አይፈጥረውም። የራን ፎልደር ያለው ራም ላይ ስለሆነ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ፋይሉ በራሱ ይጠፋል፤ ወጥመዱ ተመልሶ ይጠመዳል።

ላፕቶፑ ሲተኛ ወጥመዱም ይተኛል

ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ክዳኑ ተዘግቶ ማሽኑ እንቅልፍ ላይ ሲሆን ዩዴቭ አይሠራም፤ ፍላሹ ቢነቀል የሚሰማ የለም። ራሙ ግን ኃይል እያገኘ ነው፣ የምስጠራው ቁልፍም እዚያው አለ። ፍላሹ መነቀሉ የሚታወቀው ማሽኑ ሲነቃ ነው። በኢቲሲ ሲስተምዲ ውስጥ ባለው የሎግኢንድ ኮንፍ ፋይል «ሃንድል ሊድ ስዊች» የሚለውን ፓወርኦፍ ያድርጉት፤ በኃይል ሴቲንግ ውስጥም በራስ የመተኛትን አማራጭ ያጥፉ። በሌላ በኩል አንዳንድ ላፕቶፖች ከእንቅልፍ ሲነቁ የዩኤስቢ ዕቃዎችን ሁሉ ነቅለው እንደሰኩ ያስመስላሉ፤ እንቅልፍን ማስቀረቱ ይህንንም የውሸት ማስነሻ ያስቀራል።

ምናልባት ሲስተሙን ራሱን ከኤክስተርናል ዲስክ የማስነሳት ሐሳብ ካለዎት፣ ነገሩ ይለወጣል። ዲስኩ ሲነቀል የማጥፊያው ትዕዛዝ የሚነበብበት ቦታ አብሮ ተነቅሏል። ከፍላሽ የሚነሳው ቴይልስ የተባለ ሲስተም ይህን የፈታው የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ሜምሎክዲ በሚባል ፕሮግራም ቀድሞ ራም ውስጥ ቆልፎ በመያዝ ነው፤ ፍላሹ ሲነቀል ማሽኑ ይጠፋል። የቴይልስ ሠሪዎችም ቢሆኑ ቋሚ ማኅደሩ ሊበላሽ ስለሚችል ለአደጋ ካልሆነ በቀር እንዳትነቅሉ ብለው ያስጠነቅቃሉ።

አንዳንድ ቦታ ከማጥፋት አልፎ የሉክሱን ቁልፍ ከዲስኩ ላይ የሚደመስስ ትዕዛዝ እንዲጨመር ሲመከር ያያሉ። አያድርጉት። ማግኔቱ በወንበር ተነክቶ ቢላቀቅ የዓመት ሥራዎ በአንድ ሰከንድ ይሄዳል። በጠንካራ የይለፍ ቃል የተመሰጠረ ዲስክ ከጠፋ በኋላ ዝግ ነው፤ መደምሰሱ ለሌባው በር አይዘጋም፣ እርስዎን ግን ከውጭ ያስቀራል።

ዊንዶውስ 11 ላይ

ይሠራል። መጀመሪያ ግን ቢትሎከርን (የዊንዶውስን ምስጠራ) ይመልከቱ። ብዙ ማሽን ላይ ቢትሎከር ቁልፉን የሚያገኘው ቲፒኤም ከሚባለው ቺፕ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ይፈታል። እንዲህ ከሆነ ሌባው ማሽኑን መልሶ ሲያበራው ቁልፉ ወደ ራም ይመለሳል። በግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ሲነሳ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚያስጠይቀውን አብርተው ፒን ይጨምሩ፤ በነባሪ ቢያንስ 6 አሃዝ ይጠይቃል። ይህ አማራጭ ያለው በፕሮ ዕትም ላይ ነው፣ በሆም ላይ የለም። 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ በወረቀት ጽፈው ከላፕቶፑ ጋር የማይጓዝ ቦታ ያስቀምጡ።

ለምላጩ እዚህ ፍላሹ ፎርማት መደረግና ቋሚ የድራይቭ ፊደል ሊኖረው ይገባል፤ «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ ከፊደሎቹ መጨረሻ አካባቢ ያለ አንድ ይስጡት። በፓወርሼል «ዊን32 ቮልዩም ቼንጅ ኢቨንት» የተባለውን ክስተት የሚጠባበቅ አጭር ስክሪፕት ይጻፉ፤ የክስተቱ ዓይነት 3 ከሆነና ፊደሉ የእርስዎ ከሆነ ሻትዳውንን ከ«ስላሽ ፒ» እና ከ«ስላሽ ኤፍ» ጋር ያስነሳ። 3 መነቀል ነው፣ 2 መሰካት። «ስላሽ ፒ» ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ቆጠራ ያጠፋል፤ «ስላሽ ኤፍ» «ፋይልህን አላስቀመጥክም» ብለው የሚያዘገዩትን ፕሮግራሞች በግድ ይዘጋል።

ስክሪፕቱን ሲገቡ እንዲነሳ በታስክ ስኬጁለር ይመዝግቡት፣ «ኮንዲሽንስ» እና «ሴቲንግስ» የሚሉትን ገጾች ሳያዩ ግን አይዝጉት። ታስክ ስኬጁለር በነባሪ ሥራን የሚያስነሳው ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ከሆነ ብቻ ነው፤ ቻርጀሩ ሲነቀልም ሥራውን ያቆማል። ቢሮ ውስጥ ሲሞክሩት እየሠራ፣ ካፌ ውስጥ በባትሪ ሲሆን የማይሠራው ለዚህ ነው። ሁለቱንም ምልክቶች ያንሱ። «ሴቲንግስ» ውስጥ ያለውን ከ3 ቀን በላይ የቆየን ሥራ አቁም የሚለውንም ያንሱ።

ፒችትሪ ወይም ሌላ የሂሳብ ፕሮግራም ዳታውን ክፍት አድርጎ ስለሚይዝ፣ የድርጅቱን ፋይል ኤክስተርናል ዲስክ ላይ አድርጎ በቀጥታ መክፈት በተለይ አደገኛ ነው። ዳታው የተመሰጠረው የውስጥ ዲስክ ላይ ይሁን፤ ኤክስተርናሉ የመጠባበቂያ ቅጂ መያዣ ይሁንና ቤት ወይም ቢሮ ይቆይ።

አሞካከር

ማጥፊያውን ከማገናኘትዎ በፊት፣ በሰርቪሱ ውስጥ በማጥፊያዎቹ መስመሮች ምትክ «ሎገር» የሚለውን ትዕዛዝ ያስገቡና ለአንድ ሳምንት እንደተለመደው ይሥሩ፤ ፍላሹ ታስሮ ይቆይ። እርስዎ ሳይነቅሉት መዝገቡ ላይ መስመር ከተገኘ መጋጠሚያው ላልቷል ወይም ሶኬቱ አርጅቷል፤ ሌላ ሶኬት ይሞክሩ። ሃብ ላይ ከሆነም አውጥተው በቀጥታ ይስኩት። ሳምንቱ ንጹሕ ሆኖ ካለፈ በእውነተኛው ማጥፊያ ይተኩ።

ከዚያ በሰዓት ይለኩ። ሁሉንም ዘግተው አንድ ጊዜ፣ ከባድ የሂሳብ ሠንጠረዥና 20 የብራውዘር ገጾች ከፍተው አንድ ጊዜ፣ በባትሪ አንድ ጊዜ፣ በቻርጀር አንድ ጊዜ፤ እንዲሁም ገመዱን ወደ ላይ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሳቡ። ስክሪኑ ወዲያው መቆለፍ፣ ማሽኑ ደግሞ ከ3 ሰከንድ በፊት መጥፋት አለበት። 4 ሰከንድ አልፎ እንደገና ከተነሳ «ኦ» እርስዎ ላፕቶፕ ላይ አይሠራም ማለት ነው፤ «ዩ» ካለቀ በኋላ በቀጥታ «ቢ»ን ያስገቡ። ጭራሽ ካልነቃነቀው የሰርቪሱን ስም ጠቅሰው በጆርናልሲቲኤል ይመልከቱ፦ ሰርቪሱ ላይ ምንም መስመር ከሌለ ስህተቱ ደንቡ ላይ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ሲሪያሉ ላይ። ሰርቪሱ ተጠርቶ «ኮንዲሽን» አልተሟላም የሚል ካለ ደግሞ የሰላም መንቀያው ፋይል ራን ውስጥ ተረስቷል፤ ያጥፉትና እንደገና ይሳቡ።